አምስተኛው ጥቅል

ፊልሙ ከአሥመራ መጣ፣ በአውቶብሱ ጣራ፣
ከጨው ጆንያ መሀል፣ ከዶሮ ቅርጫት ጋራ፤
ሊማሊሞን ሲወጣ ዝናብ አረጠበው፣
ደባርቅ ላይ ሲያድር ብርድ አንቀጠቀጠው።
አምስት ጥቅል ይላል የላኪው ወረቀት፣
ጓንጉል ሣጥኑን ፈቶ ሦስቴ ቢቆጥር አራት።
«ግድ የለም» አለና አምፖሉን ወለወለ፣
«የእንግሊዝ ፊልም ነው፤ ከጉሙ በስተቀር ሌላ ምን ነገር አለ?»

ቀለም የለው ፊልሙ፤ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ፣
መሀሉ ግራጫ፣ እንደ ምስክር ቃል ወዲህ ወዲያ ፈርጣጭ።
እኔ አሥራ ሁለቴ ነው። በአሥር ሳንቲም ገብቼ፣
ፊተኛው ጣውላ ላይ፣ አፌን ከፍቼ፣
አየሁት ሰውዬውን። ቆቡ ፊቱን ውጧል፣
በድንጋዩ መንገድ ዝናብ ያብረቀርቃል።
ሦስት ተከራይ አለ፣ አንዲት አሮጊት ቤት፤
ወታደር፣ ጸሐፊ፣ ቀጭን ፋርማሲስት።
ከሦስቱ አንደኛው፣ ጓንት ያጠለቀው፣
ወተት አመጣላቸው።
ድመቷ አሸተተች። አልቀመሰችም።
እሳቸው ጠጡት።

ዳኛው ነው ተርጓሚው፣ ከሸራው ጎን ቆሞ፣
ከአዘዞ ጦር ሰፈር እንግሊዝኛ ለቅሞ፣
ከቅኔ ቤት ደግሞ አማርኛ የጠገበ፣
ፖሊሱ አንድ ቃል ሲል አሥር የደረበ፤
«አየህ ወንድምዓለም፣ ደም አይተኛም» ይላል፤
እንግሊዙ ለካ «ሻይ ስጠኝ» ብሏል።

አራተኛው አለቀ። ሰውዬው ደረጃ ላይ ነው፣
ጓንቱን እያወለቀ። በር ይንኳኳል። ማነው?

ነጭ።
ነጭ ብቻ ሸራው። ማሽኑ ይንጣጣል፣
ትንኝና አቧራ በብርሃኑ ይሄዳል።
«ገንዘባችን!» አሉ፣ «ገዳዩን አሳዩን!
ወይ ወታደሩን ስጡን፣ ወይ ጸሐፊውን!»
መምህር ፈንታሁን «መጽሐፉ አለኝ» አለ፣
«ግን ገጽ ሰማንያ ነኝ፤ እስከዚያ ገዳይ የለ።»

ዳኛው እጁን አነሣ።
«አባቶቻችን ምን አደረጉ፣ ወንጀለኛ ሲጠፋቸው?
አውጫጭኝ ተቀመጡ፣ በር ተዘጋባቸው፤
ወፍ እስኪናገር ድረስ እህል አልቀመሱ።
ዝጋ በሩን፣ ጓንጉል። በሉ፣ ወፎች ተነሡ።»

ሳቅ ሆነ። አንዱ ወፍ ወታደሩን አለ፣
አንዱ «ድመቷ ናት!» ሲል ሳቁ ጣሪያ አከለ።

ከዚያ ከጥግ ተነሣች፣ ከሴቶቹ መሀል፣
የሺሐረግ።
ሰባት ዓመት ጥቁር ከላይዋ ያልወረደላት፣
ባሏን ቀሃ ወንዝ ዳር፣ በሐምሌ ጨለማ፣ በአንድ ጥይት ጥለውባት፣
አገሩ በሙሉ «ዐይኔ አላየም» ብሎ የማለባት።
«እኔ ፊልሙን እንጃ» አለች፣ ቀስ ብላ፣
«እንግሊዝም አላውቅ። ያን ቀን ግን ዝናብ ነበር።
ያ ቆብ እዚህ አለ። ሦስተኛው አግዳሚ፣ ከኋላ።»

ማንም አልዞረም።
አግዳሚው ሲጥ አለ።
አንድ ሰው ተነሣ፤ በሩ የጠፋበት ይመስል
በማሽኑና በሸራው መካከል ሲያልፍ፣
ጥላው ወደቀ ነጩ ላይ፣ ግድግዳ የሚያህል፤
ቆቡ፣ ትከሻው፣ ሊናገር ይሁን ሊያለቅስ አፉ ያልለየ።
አምስተኛው ጥቅል ከዚህ ሌላ ምን ነበረው? ሁሉ አየ።
ዳኛው እንኳ አልተረጎመው።

በሩ ተከፈተ። ከውጭ ጃንተከል ዋርካው ቆሟል፣
ስንት አንገት እንደያዘ ቅርንጫፉ ያውቃል።
የተከተለው የለም። አዘዞ? መተማ?
ከዚያች ሌሊት ወዲህ ወሬው አልተሰማ።

መጽሐፉን ካደግሁ በኋላ አነበብኩት፣
አይጥ ዳር ዳሩን በልቶት።
እዚያ ጸሐፊው ነው፤ ሳይያዝ በባቡር ይሄዳል።
ፊልሙን እስከ ጫፉ ያየ አንድ አሥመሬ ግን «የለም፣ ተሰቅሏል» ይላል።
ደራሲና ሲኒማ እንዲህ ናቸው፤
ለአንድ አንገት ሁለት ዕጣ አላቸው።
የኛን የጻፈው የለም።

በሳምንቱ ቅዳሜ የሺሐረግ መጣች።
ነጭ ነው የለበሰች።
አሥራ አምስት ሳንቲሟን ከመስኮቱ ጥላ፣
«ዛሬስ» አለች ለጓንጉል፣ «ጥቅሉ ሁሉ ሞላ?»